ባትሪው የሚያድርበት ቤት

ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ወገቤ ግን ገና አላረፈም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ኮፈን ሥር ጎንብሶ የኖረ ወገብ ቀና ማለትን ይረሳል። ዓይኔም ቀጭን ሽቦ መለየት ትቷል። አልሐምዱሊላህ፣ የልጆቼን ፊት ይለያል።

በእኛ መሥሪያ ቤት ጡረተኛ ሲሸኝ ንግግር ያደርጋል። እኔ ንግግር አልችልም። "አላህ ይስጥልኝ" ብዬ ተቀመጥኩ። ከወር በኋላ በእኔ ቦታ የገባችው ልጅ ደወለችልኝ። "የጀልባውን ነገር ይጻፉልን። ሁሉም በየአፉ ያወራዋል፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም" አለችኝ። እሺ አልኳት። ዘገየሁ፤ ድካም ነው። አሁን ልጻፈው።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ጅማ በመንግሥት የግብርና መሥሪያ ቤት ወርክሾፕ ስቀጠር ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የመጀመሪያው አለቃችን ሞተር እንድነካ አልፈለገም። "ሴት ልጅ ትንንሹን ትያዝ" አለ። ትንንሹ ማለት ፊውዝ፣ አምፖልና ሪሌ ነበር። ሌሎቹ ሞተር አውርደው ሲጭኑ እኔ ጥግ ላይ በርጩማ ተቀምጬ ሪሌ እከፍት ነበር። ሊያሳንሰኝ ነበር ያሰበው። አላህ ግን እንጀራዬን እዚያች ጥግ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። በኋላ በጅማ ዙሪያ ሪሌ የሚያስቸግረው ሁሉ ወደ እኔ ይላክ ጀመር።

ሪሌ የክብሪት ሳጥን የምታህል ዕቃ ናት። ሥራዋ ቀላል ነው። ጣት የሚነካው ቁልፍ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ እሷ በዚያ ትንሽ ኃይል ተስባ ትልቁን መንገድ ትከፍታለች። ውስጧ የሽቦ ጥቅል፣ አንድ ሞላ፣ ሁለት የመዳብ ምላስ አለ። ምላሶቹ ሲነካኩ "ጠቅ" ይላል። ብዙ ኤሌክትሪሺያን ያን ጠቅታ ሰምቶ ሪሌዋ ደህና ናት ይላል።

ይህን ስህተት ከእጄ ሊያስጥል የለፋው የወርክሾፓችን አንጋፋ ኤሌክትሪሺያን አባ ረሻድ ነው፤ አላህ ይዘንለት። ከጅማ በላይ ጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር የሚኖረው። ጠዋት ቁልቁለቱን በእግሩ ወርዶ ይመጣል፤ ማታ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል። መኪና ሊያሳፍሩት ሲሉ እምቢ ይላል። "ቀኑን ሙሉ የማዳምጠው መኪና ነው፤ መንገድ ላይ እንኳ ጆሮዬ ይረፍ" ይል ነበር።

ሥራ ሲጀምር እጁን ይታጠባል። ሰው እጁን ሥራ ሲጨርስ ነው የሚታጠበው፤ እሱ ሁለቱንም ጊዜ። ቢስሚላህ ይላል። የሚፈታቸውን ብሎኖች በለስላሳ ቆርኪ ይደረድራል፤ መጀመሪያ የተፈታው በግራ፣ የመጨረሻው በቀኝ። ቆርኪዎቹን የነካ ሰው ቀኑን ሙሉ አያናግረውም። ኤሌክትሪክ የሚለካ ቴስተር ነበረው፤ ግን አያምነውም። በምትኩ ሁለት ሽቦ የተበየደበት የመኪና የፊት መብራት አምፖል ይይዛል።

"ቴስተር ጭነት አይሸከምም" ይለኛል። "አሥራ ሁለት ቮልት አለ ብሎ ይነግርሻል። እውነቱን ነው፤ አለ። ግን ሥራ ስጪው፣ ይወድቃል። አምፖሉን አስይዢው። ደምቆ ከበራ እመኚው። ከደበዘዘ ምላሱ ተቃጥሏል።"

ከሁሉ በፊት ደግሞ ሰውየውን ይጠይቃል። ሹፌር መጥቶ፣ "ስታርት አልነሣ አለኝ" ሲለው ኮፈን አይከፍትም። መጀመሪያ ጤና ይጠይቃል። ቀጥሎ ትናንት የት እንደዋለ፣ የት እንዳደረ፣ ምን እንደጫነ ይጠይቃል። ሹፌሮች ይሰለቻሉ። አንዴ አንዱ ተናዶ፣ "አባ፣ መኪናውን ነው የሚያክሙት እኔን?" አለው።

"መኪናው አፍ ቢኖረው አንተን ምን አደርግሃለሁ?" አለው አባ ረሻድ።

ሰውየው ሳቀ፤ እየሳቀም ጭነቱ ከብዶት መንገድ ላይ ቆሞ ሌሊቱን በሙሉ መብራት አብርቶ እንዳደረ ተናገረ። የደከመው ባትሪው ነበር።

ከዚያ ወደ አጋሮ ተላክሁ። ስምንት የቡና ዘመን እዚያ ሠራሁ። ቡና ሲደርስ አጋሮ ላይ መኪና አይቆምም፤ የቆመም ቶሎ መነሣት አለበት። ለሁለት ሪሌ ብለን ለዕቃ ቤት ደብዳቤ ጽፈን ስድስት ወር እንጠብቃለን፤ እስከዚያው ከሞተው መኪና ነቅለን ላልሞተው እንሰጣለን። ደመወዙ ትንሽ ነበር። በረካ ነበረው። ያገባሁትም አጋሮ ነው፤ ባለቤቴ ቡና ሚዛን ላይ ይሠራ ነበር። ሦስት ሴቶች ልጆች ሰጠኝና ቀድሞኝ ሄደ፤ አላህ ቀብሩን ያስፋለት። ልጆቼን ይዤ ወደ ጅማ ተመለስኩ። እናቴ ያዘችልኝ፤ እኔ ሠራሁ።

ጀልባው የመጣው አባ ረሻድ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው።

ጅማ ላይ ባሕር የለም፤ የጀልባ ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ ስል ሰው ይስቃል። ግን በአሰንዳቦ በኩል የግልገል ጊቤ ግድብ ያስተኛው ሰፊ ውኃ አለ። መሥሪያ ቤታችን እዚያ አንዲት ጀልባ ነበረችው። ለአሣ አስጋሪዎች መረብ ታደርሳለች፤ የጤና ባለሙያ ታሻግራለች፤ አንዳንዴም መንገድ በጭቃ ሲዘጋ ወላድ ታመጣለች። ሞተሯ ከኋላ የሚንጠለጠል ዓይነት ነው። ረጅም እግር አለው፤ ውኃውን የሚገፋው ማራገቢያ ከእግሩ ጫፍ ነው።

የውኃው ዳር ጥልቅ አይደለም። በበጋ ውኃው ይሸሻል፤ ጭቃና ግድቡ ሲሞላ የሰመጡ ዛፎች ጉቶ ይቀራል። ስለዚህ ጀልባዋ ዳር ስትደርስ የሞተሩ እግር መነሣት አለበት። ካልተነሣ ጉቶ ይመታል። የሚያነሣው ዘይት የሚገፋ ትንሽ ሞተር ነው፤ እሱን የሚያዙት ሁለት ሪሌዎች ናቸው። አንዷ ለማንሣት፣ አንዷ ለማውረድ። ጀልባ ነጂው ከመሪው ጎን ያለውን ቁልፍ ይጫናል፤ ይነሣል። ይህን በቀን ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ ያደርጋል።

ጀልባ ነጂው ናስር ይባላል። የዚያው የውኃ ዳር መንደር ልጅ ነው። ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ አፉ ዕረፍት የማያውቅ። "አዴ ሰዓዳ" ይለኛል፤ በእኛ አገር ለታላቅ ሴት የሚባል ነው።

በአንድ ዓመት ውስጥ የማንሻው ሪሌ ሦስት ጊዜ ተቃጠለ። ሦስት ጊዜ ሄጄ ቀየርኩ።

ሥራውን በደንብ አውቀው ነበር። መጀመሪያ ናስር ቁልፉን እንዲጫን አደርጋለሁ፤ እኔ ጆሮዬን ሽፋኑ ላይ አሳርፋለሁ። ጠቅ ካላለ ቁልፉን፣ ፊውዙን፣ ቀጭኑን ሽቦ አያለሁ። ጠቅ ብሎ ሞተሩ ካልዞረ ወደ ወፍራሙ ሽቦ እሄዳለሁ። ከዚያ ሁለቱን ሪሌዎች ቦታ አለዋውጣለሁ፤ የማውረጃዋን ማንሻ አደርጋታለሁ። እግሩ ተነሥቶ መውረድ እምቢ ካለ በሽታው ከሪሌዋ ጋር ሄዷል ማለት ነው። ስቀይር የባትሪውን ኔጌቲቭ አስቀድሜ እፈታለሁ። ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ሽቦ እንዳይምታቱብኝ በክር አስራለሁ። ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳለሁ፤ እርጥበት እንዳይገባ ቫዝሊን እቀባለሁ። ሽቦውን ወደ ታች አጉብጬ አስረዋለሁ፤ ውኃ ቢወርድበት ወደ ሪሌዋ ሳይደርስ እንዲንጠባጠብ። እጄ ላይ ስህተት አልነበረም።

ባትሪ ግን ከጅማ ይዤ እሄድ ነበር። ወርክሾፕ ያደረ፣ ሙሉ የተሞላ ባትሪ። መፈተሻዬ እሱ ነው። የጀልባዋን ባትሪ ስደርስ ብዙ ጊዜ አላገኘውም፤ ናስር ቆየት ብሎ ይዞት ይመጣል።

ሦስተኛው ጊዜ ሲመጣ አየሁት። ባትሪውን በነጠላ ጀርባው ላይ አዝሎታል። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነው።

"ናስር፣ ምነው ሙሽራ ነው እንዴ ያዘልከው?" አልኩት።

"ከሙሽራ ይበልጣል አዴ! ሙሽራ ቤት ታሞቃለች እንጂ መብራት አትሆንም።"

"ሚስትህ ትስማህ።"

"ሰምታለች። እሷም ከኔ ይልቅ የምትናፍቀው እሱን ነው። ሲመሽ፣ 'ባትሪው መጣ?' ትላለች፤ ናስር መጣ አትልም።"

ሳቅሁ። ከልቤ ሳቅሁ። ሪሌዋን ቀየርኩ። በእኔ ባትሪ ፈተንኩ፤ እግሩ እንደ ላባ ተነሣ። ጠቅ፣ ወረደ። ጠቅ፣ ተነሣ። ወረቀቱ ላይ "ተፈትኗል፣ ደህና ነው" ብዬ ፈረምኩ። ዙህርን ውኃው ዳር ሰግጄ፣ ባትሪዬን ጭኜ ተመለስኩ። ደክሞኝ ነበር። ልጆቼ ሁለቱ ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ይህን ለማመካኛ አልጻፍኩትም፤ እንደዚያ ስለነበረ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ናስር ብቻውን ወደ ወዲያኛው ዳር ሄደ። የጤና ባለሙያዋን ሊያመጣ ነበር። ዳር ሲደርስ ቁልፉን ተጫነ፤ እግሩ አልነሣ አለ። ከፊቱ ጉቶ አለ። ሞተሩን አጥፍቶ፣ የዘይቱን ማስተንፈሻ ብሎን በካቻቢቴ ፈታ፤ በእጁ ለማንሣት የሚደረገው እንደዚያ ነው። ሲያነሡ መደገፊያ ብረቱን ቶሎ ማስገባት ያስፈልጋል። ሁለት ሰው ቢሆን አንዱ ያነሣል፣ አንዱ ይደግፋል። ናስር በቀኙ አነሣ፤ በግራው ብረቱን ሊያስገባ እጁን ሰደደ። ሞተሩ ከበደው። ለቀቀው።

የግራ እጁ ሁለት ጣቶች እዚያ ቀሩ። የቀለበት ጣቱና ትንሿ።

አለቃችን ያኔ አቶ ተስፋዬ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ወረቀት የሚፈራ ሰው ነበር። ጠራኝና፣ "ምክንያቱን ጽፈሽ አምጪ" አለኝ።

ውኃው ዳር ሄድኩ። ሪሌዋን አወጣሁ። ምላሷ ጠቁሯል። በአሥራ አንድ ቀን ሪሌ እንዲህ አይሆንም። ያን ጊዜ ገና ጠየቅሁ፤ ናስርን ሳይሆን የመንደሩን ሰው። "የጀልባዋ ባትሪ የት ነው?" አልኳቸው።

"ናስር ቤት ነው" አሉኝ። "ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚያድረው። እዚህ ቢያድር ይሰረቃል።"

መንደሩ መብራት አልነበረውም። ናስር ማታ ባትሪውን ቤቱ ያስገባል። አንድ አምፖል ያበራበታል። ጎረቤቱ ሁሉ ስልኩን ይዞ ይመጣል። ጠዋት የሚቀረው ባትሪ ሪሌ ጠቅ ያሰኛል፤ ሞተር ለማንሣት ግን አቅም የለውም። ደካማ ባትሪ ላይ ሪሌ ሙሉ አይጨብጥም። ይይዛል፣ ይለቃል፤ ይይዛል፣ ይለቃል። በለቀቀ ቁጥር ብልጭ ይላል። ብልጭታው ምላሱን ይበላዋል።

ሪፖርቱን ጻፍኩ። "የመሥሪያ ቤቱን ባትሪ ሠራተኛው ለግል ቤት ሲጠቀምበት ስለቆየ ሪሌው ተቃጥሏል" አልኩ። ቀጥዬ፣ "ይህ አሠራር በጥገና ክፍሉ አይታወቅም ነበር" ብዬ ፈረምኩ።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ሁለተኛው ውሸት ነው። ነግሮኝ ነበር። እየሳቅሁ ሰምቼው ነበር።

አቶ ተስፋዬ ወረቀቱን አንብቦ ተነፈሰ። "በቃ። የመንግሥት ንብረት ለግል ጥቅም። ይሰናበታል" አለ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ለሰኞ ተቀጠረ።

ናስርን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ደረቱ ላይ ተኝቷል። ሚስቱ ዘይነባ አልጋው ጫፍ ተቀምጣለች። ሊያባርሩት መሆናቸውን ሰምቷል።

"እውነታቸውን ነው አዴ" አለኝ። "ባትሪውን ወስጄዋለሁ። ምን እላቸዋለሁ?"

ዘይነባ ግን ቀና ብላ አየችኝ። "የሚያውቅ ሰው አልነበረም ወይ? ቀን በቀን አዝሎት ሲሄድ ሰው ሁሉ እያየ!" አለች።

"ተይ አንቺ" አላት። እኔን አላየኝም።

እንጀራው ያች ጀልባ ነበረች። ሌላ ሥራ አያውቅም፤ አሁን ደግሞ ባለ ስምንት ጣት ነው። በእኔ ፊርማ ሊወጣ ነው። ያን ቀን የከሰዓቱን የዐሥር ሶላት ስሰግድ ስንት ረከዓ፣ ስንት ዙር እንደሰገድኩ ጠፋኝ። እንደገና ሰገድኩ፤ እንደገና ጠፋኝ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የተቃጠለችውን ሪሌ በመሐረብ ቋጥሬ ወደ ጅሬን ወጣሁ። አባ ረሻድ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ዓይኑ ደክሟል።

"ኮቱ፣ ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ" አለኝ። ነይ ልጄ ማለቱ ነው።

ሪሌዋን መዳፉ ላይ አኖርኩለት። አላያትም። በአውራ ጣቱ ጥፍር ምላሷን ቧጨረ፤ ጥፍሩን አሸተተ።

"ይህች በጉልበት ማጣት ነው የተቃጠለችው" አለ። "ባትሪው ሌላ ሥራ ነበረበት። ስንተኛዋ ናት?"

"ሦስተኛዋ።"

ሪሌዋን በጣቱ እያገላበጠ፣ "ሰውየውን ጠይቀሽዋል?" አለኝ።

"አልጠየቅሁትም አባ። እሱ ራሱ ነገረኝ። እኔ ሳቅሁ።"

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሪሌዋን መልሶ በመሐረቡ ቋጠራትና እጄ ላይ አኖራት።

"ወረቀቱ ላይ ምን ብለሻል?"

ነገርኩት።

"እንዲያ ከሆነ እኔ ጋ ምን አመጣሽ?" አለኝ። "ሪሌ ቢሆን እፈትሽልሽ ነበር። ይህ ሪሌ አይደለም።"

ውኃ አጠጣኝ። ስለ ልጆቼ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ሸኘኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ተስፋዬ ቢሮ ገባሁ። "ወረቀቴን መልስልኝ፤ እንደገና እጽፈዋለሁ" አልኩት።

"ሰዓዳ፣ አትቀልጂ። ማኅተም አርፎበታል።"

"ማኅተሙ ይረፍ። ቃሉ የኔ ነው።"

መነጽሩን አወለቀ። "ስሚ፣ የወርክሾፑ ኃላፊነት ላንቺ ታስቧል። ይህን ካነሣሽ ለሌላ ይሆናል። ምናልባትም ቅጣት አለው። ልጆች አሉሽ" አለኝ።

"አዎ፣ አሉኝ" አልኩት።

በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አምስት ሰዎች ናቸው። ናስር እጁን በሻሽ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ ቁጭ በል ሲሉት አልቀመጥ አለ። ሰብሳቢው ሪፖርቴን ጮክ ብሎ አነበበና፣ "ወይዘሮ ሰዓዳ፣ ይህን ያረጋግጣሉ?" አለኝ።

ተነሣሁ።

"ግማሹን" አልኩ። "ባትሪውን ቤቱ ይወስድ ነበር። ይህ እውነት ነው። አናውቅም ነበር ያልኩት ግን ውሸት ነው። እኔ አውቅ ነበር። ባትሪውን አዝሎ ሲመጣ አይቼዋለሁ፤ ለመብራት እንደሆነ ነግሮኛል። አንድ ሪሌ በዓመት ሦስት ጊዜ ሲቃጠል ባትሪው የት ያድራል ብሎ መጠየቅ የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው። አልጠየቅሁም። ከጅማ ባመጣሁት ባትሪ ፈትኜ ደህና ነው ብዬ ፈረምኩለት። እሱ ያመነው ፊርማዬን ነው።"

ከአምስቱ አንዱ፣ ዕቃ ቤት ኃላፊው፣ "እንዴ! ለራስዎ ጠበቃ ያቁሙ እንጂ ዐቃቤ ሕግ ሆኑ እኮ" አለ። የሳቀ የለም።

ሰብሳቢው ናስርን፣ "አንተስ ምን ትላለህ?" አለው።

"እሳቸው እንዳሉት ነው" አለ።

ናስር አልተባረረም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ በጀልባዋ ላይ ቀጠለ። ለጀልባዋ ቁልፍ ያለው የባትሪ ሣጥን ተሠራላት። ለመንደሩ መብራት የሰጠው ሰው ግን አልነበረም፤ ያ ሳይደረግ ቀረ። እኔ የወርክሾፑ ኃላፊ አልሆንኩም። ሊሙ ገነት ተመደብኩ፤ ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ላይ የመፈልፈያ ሞተር እንድጠብቅ። አምስት ዓመት። ልጆቼን በሳምንት አንዴ አያለሁ፤ ዝናብ ሲበረታ በሁለት ሳምንት። እናቴ አርጅታ ስለነበር ትልቋ ታናናሾቿን አሳደገች። ከባድ ነበር፤ አልደብቅም። ማታ ማታ ኪራይ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የማንቀላፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ግን ስሰግድ ረከዓዬ አይጠፋኝም ነበር። አልሐምዱሊላህ።

ሊሙ ላይ ሥራዬ ረዘመ፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ሰው እጠይቅ ነበር። የመፈልፈያው ዘበኛ፣ "ይህች ሴት ሞተር ልትሠራ ነው ወይስ ልጅ ልታጭ?" እያለ ያማኝ ነበር፤ እሰማዋለሁ። ይማኝ። አንዴ ሞተሩ የሚቃጠለው ራሱ ዘበኛው ማታ ማታ ከመስመሩ ምጣድ ስለሚያያይዝ መሆኑን ነገረኝ። በወሬ መሐል ነው የነገረኝ። ያን ጊዜ አልሳቅሁም። ምጣዱን በሌላ መስመር ቀጠልኩለት፤ ለማንም አልጻፍኩም።

አሁን ወደ ናስር ልመለስ።

ኮሚቴው ያለቀ ዕለት ግቢው ውስጥ ተከተልኩት። "ናስር፣ አውፍ በለኝ" አልኩት። ይቅር በለኝ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ የተበደለ ሰው ሐቅ ሰውየው ራሱ ካልተወው አላህም አይተወውም።

ቆመ። የታሠረ እጁን በደህናው እጁ ደገፈ።

"ያን ቀን ሲስቁ ሰምተውኝ ነበር?" አለኝ።

"ሰምቼሃለሁ።"

"እኔ ደግሞ አልሰሙኝም ብዬ ራሴን አጽናና ነበር።" ፋሻውን አጠበቀ። "የወረቀቱን አውፍ ብያለሁ አዴ። ዛሬ አስተካከሉት። የጣቶቼን ግን ገና አላልኩም። ማለት ፈልጌ አቅቶኝ ነው። አይጠይቁኝ አልልም፤ ይጠይቁኝ።"

ጠየቅሁት። በየዒዱ ደወልኩ። እንኳን አደረሰህ እለዋለሁ፤ ልጆቹን እጠይቃለሁ፤ በመጨረሻ፣ "ናስር፣ ጣቶችህስ?" እላለሁ።

"ገና ነው አዴ" ይለኛል። አንዳንዴ እየሳቀ፣ አንዳንዴ ሳይስቅ። አንድ ዓመት፣ "ዘንድሮ በብርዱ ብሰዋል፤ የሌሉ ጣቶች ሲያሙ ያውቃሉ?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። ሌላ ዓመት ስልኩን አላነሣም። የሞተ መስሎኝ ሳምንቱን ሙሉ ተጨነቅሁ፤ ለካ ከውኃው ላይ ስልክ አይሠራለትም ነበር። አባ ረሻድ በዚያ መሐል ሄደ። ልጆቼ ተዳሩ፤ ትንሿ ቀረች። ከሊሙ ተመለስኩ። ጡረታ ወጣሁ። መደወሌን አላቆምኩም።

ባለፈው ዒድ ሶላት ደርሼ ከሜዳው ተመልሼ ቤት ስገባ ስልኬ ጮኸ። ናስር ነበር። ከእኔ ቀድሞ ደውሎ አያውቅም።

"ዒድ ሙባረክ አዴ። ዛሬ እንዳይጠይቁኝ ብዬ ነው ቀድሜ የደወልኩት" አለኝ። "አውፍ ብያለሁ። የጣቶቹንም። ትናንት ማታ ሳስበው አለቀ። ዘይነባም ብላለች፤ እንኪ አናግሪያቸው።"

ዘይነባ መጣች። "አዴ፣ ጡረታ ወጡ አሉ። እረፉ እንግዲህ" አለች።

ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጥኩ። መስገጃዬን ዘርግቼ ለአላህ ምስጋና በግንባሬ ሱጁድ ወረድኩ። አጭር ላደርገው ነበር። ጉልበቴ አልነሣ ስላለኝ እዚያው ቆየሁ።